የሕፃናት እንቅልፍ ማጣት በባሌ ደጋ



ሕፃን ልጇን ታቅፋ ወደ ሮቤ ወይም ወደ ጎባ ጤና ጣቢያ የመጣች እናት የመጣችበትን ጉዳይ ከጨረሰች በኋላ፣ በሩ ላይ ስትደርስ መለስ ብላ «ሌሊት ግን አይተኛም» ማለቷ የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ ሳልና ተቅማጥ በመዝገቡ ላይ የየራሳቸው ዓምድ ሲኖራቸው እንቅልፍ ማጣት ግን ዓምድ የለውም። ስለዚህም እናቲቱ «ደኅና ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል» ተብላ ትሸኛለች። የተባለችው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ሆኖም ቤቷ ስትደርስ ሌሊቱ ያው ሌሊት ነውና ዝም ብላ አታድርም። ጎረቤቷ እንጥሉን አስቆርጪለት ትላታለች። አያት ቅቤ ያውጡታል። የመድኃኒት ሻጩ የሚያስተኛ ሽሮፕ ያቀርባል። አባትየውም ልጁን ያስለቀሰው ብርዱ መስሎት የከሰል ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል።

በዚህ ንግግር ሊገለጽ የታሰበው ይኸው ነው። ጤነኛ የሆነ ሕፃን ሌሊት በመንቃቱ ብቻ የሚደርስበት ጉዳት እምብዛም ነው፤ እንዲተኛ ተብሎ በሚደረግለት ነገር ግን ሕይወቱ እስከ ማለፍ ሊደርስ ይችላል። ይህም እንደ ባሌ ባለ ከፍተኛና ብርዳማ አገር ይበልጥ ይከብዳል።

ስለ ሕፃናት እንቅልፍ በሳይንስ የተረጋገጠው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ናትናኤል ክላይትማንና ተማሪው ዩጂን አዘሪንስኪ በእንቅልፍ ውስጥ ዐይን ከቆቡ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ መኖሩን አስታወቁ፤ የዚህ ግኝት መነሻም የተኙ ሕፃናትን ዐይን መከታተል ነበር። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከእንቅልፉ ግማሽ ያህሉን የሚያሳልፈው በዚህ ዓይነቱ ንቁ እንቅልፍ ነው። በዚህ ጊዜ ይወራጫል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ያቃስታል፣ ከንፈሩን ይመጠምጣል፤ ትንፋሹም ፈጠን ይልና ለጥቂት ሴኮንድ ቆም ብሎ እንደገና ይቀጥላል። ይህን ያየች እናት ልጁ የነቃ መስሏት ብድግ ታደርገዋለች። እርሱ ግን ተኝቶ ነበር፤ ያነቃው መነሣቱ ነው። ብዙ ሌሊት የሚበላሸው በዚህ ዓይነት በመሆኑ፣ ለእናቲቱ ሊነገራት የሚገባው የመጀመሪያው ምክር ልጁ ሲንቀሳቀስ ከማንሣቷ በፊት እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ጥቂት እንድትጠብቅ ነው።

የአዋቂ ሰው የእንቅልፍ ዙር ዘጠና ደቂቃ ያህል ሲሆን የሕፃን ግን ከሃምሳ እስከ ስድሳ ደቂቃ ነው። በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ሕፃኑ ወደ መንቃት ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ እስከ ሦስት ወር ያለ ሕፃን የቀኑን ጨምሮ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ ከአራት እስከ አሥራ አንድ ወር ያለው ደግሞ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ይህ ብዙ እንቅልፍ ነው። ነገር ግን ተቆራርጦ የሚመጣ በመሆኑ፣ በጠቅላላው አሥራ አምስት ሰዓት የተኛውን ልጅ እናቱ «አይተኛም» ብትል አያስገርምም፤ እርሷ አልተኛችምና። ከዚህም ሌላ ሌሊትና ቀንን የሚለየው የሰውነት ሰዓት በሕፃኑ ውስጥ መደላደል የሚጀምረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ሌሊቱን እንደ ቀን ቢቆጥረው ሕመም አይደለም።

የልቅሶው ነገርም እንዲሁ ሥርዓት አለው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሞሪስ ዌሰል የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቹ፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የሚያለቅስ ሕፃን የሆድ ቁርጠት ልቅሶ እንዳለበት እንዲቆጠር መለኪያ አበጁ። ልቅሶው በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምራል፤ በስድስተኛው ሳምንት ከጣራ ይደርሳል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር በራሱ ይቀንሳል። ይህ አካሄድ በደንብ ሊጤን ይገባዋል። እናት የባህል ሐኪም ዘንድ የምትሄደው ልቅሶው ከጣራ በደረሰበት ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው መቀነስ ብቻ በመሆኑ፣ በዚያ ሳምንት የተደረገው ነገር ሁሉ ያዳነ ይመስላል። ጤና አዳም ቢሆን፣ ክታብ ቢሆን፣ ምላጭ ቢሆን፣ ምስጋናው ለእርሱ ይሆናል። የእንጥል ቆራጮች ስም በየመንደሩ ጸንቶ የኖረው ከሌላው ምክንያት ይልቅ በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል በኢትዮጵያ ብዙ ክፍሎች ሲሠራባቸው የኖሩ ልማዶች ናቸው። ሕፃኑ ሲያስመልሰው፣ ጡት እንቢ ሲል፣ ሲያተኩሰው ወይም ሌሊት ሲያለቅስ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ወይም «ግግ ነው» ይባላል። የሚከተለው መድማት፣ መመርቀዝ፣ አልፎም መንጋጋ ቆልፍ ነው። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 የሕፃንን እንጥል መቁረጥን፣ የወተት ጥርስ ማውጣትን፣ አራስ ልጅን ፀሐይ መከልከልንና ቅቤ ማዋጥን ጎጂ ከሆኑት ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል በስም ጠቅሶ፣ በእነዚህ ሳቢያ ሞት ያደረሰን ሰው በወንጀል ተጠያቂ አድርጓል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ሌሊት ልጇ ያልተኛላት እናት ሕጉን አታስብም። የምታስበው ማለዳ የምትሄድበትን ቤት ነው። ስለዚህ የልቅሶው ጣራ ስድስተኛው ሳምንት መሆኑና ከዚያ በኋላ እንደሚቀንስ ቀደም ብሎ፣ ማለትም በወሊድ ጊዜና በመጀመሪያው የድኅረ ወሊድ ክትትል ሊነገራት ይገባል። ሁኔታውን አስቀድማ ያወቀች እናት ሲደርስባት ትታገሣለች፤ ካለቀሰ በኋላ የሚነገር ምክር ግን ማጽናኛ ብቻ ይመስላል።

አሁን ወደ ቦታው ጠባይ መምጣት ያስፈልጋል። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,490 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ከእርሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ነች። ዲንሾ 3,100 ሜትር ያህል ይሆናል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሰው በዚህ ከፍታ ላይ እሳት አንድዶ መተኛት የጀመረው ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ በባሌ ተራሮች 3,469 ሜትር ላይ በምትገኘው የፊንጫ ሐበራ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ታውቋል። እነዚያ ሰዎች እሳታቸውን የሚያነድዱት ግን አፉ በተከፈተ ዋሻ ነበር። ዛሬ በሮቤና በጎባ ያለው ቤት የቆርቆሮ ጣራ፣ ኮርኒስ፣ መስታወት ያለው መስኮትና ነፋስ እንዳይገባ በጨርቅ የተወተፈ በር አለው።

በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ከሰል ሲቀጣጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ እንደ እንጨት ጢስ ዐይን አያቃጥልም። ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ሁለት መቶ ጊዜ በላይ ነው። ጎባ ላይ በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ በመሆኑ፣ ከዚያች ከተረፈችው ላይ ደግሞ ጋዙ ይሻማል። ሕፃን ልጅ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ የሚስበው ጋዝ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የመጀመሪያው ምልክት ድካምና እንቅልፍ መሆኑ ነው። ሲያለቅስ ያመሸው ልጅ ማንደጃው ከገባ በኋላ ጸጥ ሲል፣ ጸጥታው የሙቀት ይሁን የመርዝ በጨለማ ማን ይለየዋል? ቤተሰቡ «ሞቆት ተኛ» ይላል፤ ደስ ብሎትም መብራቱን ያጠፋል። ከሰሉ ዓመድ ስለለበሰ ወይም መስኮቱ ጥቂት ስለተከፈተ አደጋው ቀርቷል ማለት አይቻልም። ከመኝታ በፊት ክፍሉን ለማሞቅ ከተፈለገ እንኳ ሰው ሳይተኛ ማንደጃው ወጥቶ ክፍሉ አየር ሊገባበት ይገባል። ከቤት ሥር ምድጃ ያለው የገጠር ቤት ደግሞ ጢሱ ለሳምባ ምች መንገድ ይከፍታልና ሕፃኑ የሚተኛበት ቦታ ከምድጃው መራቅ አለበት።

ታዲያ ብርዱን በምን ይቋቋሙት? ለዚህ መልሱ የእናት ገላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የኮሎምቢያ ዋና ከተማ በሆነችው ቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ የማሞቅ ዘዴ ጀመሩ፤ ዘዴውም በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። ቦጎታ ከፍታዋ 2,600 ሜትር ያህል፣ ማለትም በሮቤና በጎባ መካከል መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። የማሞቂያ መሣሪያ ባነሰበት ደጋ የተገኘ ዘዴ ነው። ለባሌ እናትም እንግዳ አይሆንባትም፤ ልጇን በጀርባዋ አዝላ የምትውል ናትና። አዲስ የሚሆንባት በደረቷ ማድረጉና ጋቢውን ከልጁ ፊት ማራቁ ብቻ ነው።

ይህ ፊትን የመሸፈን ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ብርድ እንዳይመታው፣ ምች እንዳያገኘው፣ ዐይን እንዳይበላው ተብሎ ሕፃኑ እስከ ራሱ ድረስ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ከዚያም በእናትና በአባት መካከል በአጎዛ ወይም በለስላሳ ፍራሽ ላይ በጎኑ ወይም በሆዱ ይተኛል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ሕፃናትን በጀርባ ማስተኛት በሰፊው በተመከረ ጊዜ፣ በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ምክሩ ገንዘብ አያስወጣም። የውጭ መጻሕፍት ከዚህ ጋር ሕፃኑ ለብቻው በራሱ አልጋ ይተኛ ይላሉ። ይህን ቃል በቃል ለሲናና ወይም ለአጋርፋ ገበሬ መንገር ዋጋ የለውም፤ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ብርዱም ይታወቃል። ጡት የሚጠባ ልጅ ከእናቱ አጠገብ መተኛቱ የራሱ ጥቅም አለው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት 59 ከመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር፤ የሌሊት መጥባትም የዚህ አካል ነው። ስለዚህ የሚቻለውን መምከር ይሻላል፦ በእናቱ በኩል እንጂ በሁለቱ መካከል አይሁን፤ በጀርባው ይተኛ፤ ፊቱና ራሱ አይሸፈን፤ ከበታቹ አጎዛ ሳይሆን ጠንከር ያለ ነገር ይነጠፍ፤ መጠጥ የጠጣ ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገቡ አይተኛ። ልጁ ለብቻው አልቅሶ እንዲለምድ ይተው የሚለው ዘዴም ለእያንዳንዱ የራሱ ክፍል ባለበት አገር የተወለደ ነው። ሌሎች አምስት ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ማን አልቅሶ እንዲለምድ ይተዋል?

በከተሞቹ የመድኃኒት መደብሮች አለርጂን የሚያስታግሱና እንቅልፍ የሚያመጡ ሽሮፖች ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፕሮሜታዚን ትንፋሽን ሊያፍን ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ፈጽሞ እንዳይሰጥ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። ኦክሲጅን ባነሰበት ከፍታ አደጋው ይብሳል እንጂ አይቀንስም። በዚህ ረገድ ኃላፊነቱ በይበልጥ የሚወድቀው በመደብሩ ባለሙያ ላይ ነው። «የሚያስተኛ ስጠኝ» ለምትል እናት ሊቀርብላት የሚገባው ጠርሙስ ሳይሆን «ልጁ ስንት ወሩ ነው?» የሚል ጥያቄ ነው።

የቀን ብርሃንም መድኃኒት ነው። በአራስ ቤት ልማድ ሕፃኑ ለሳምንታት በጨለማ ክፍል ይቆያል። እናት እንድታርፍ መደረጉ መልካም ነው፤ ይሁንና የሰውነቱ ሰዓት ቀንና ሌሊትን የሚማረው ከብርሃን ስለሆነ፣ ጠዋት በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ብርሃን ቢገባ፣ ማታ ደግሞ መብራቱና ጨዋታው ቢቀንስ ትምህርቱ ይፈጥንለታል። ፀሐይ ያላየ ልጅ ሌላም ችግር ያገኘዋል። በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው ሪኬትስ ልጁን ነጭናጫ ያደርገዋል፤ ራሱን ያልበዋል፤ እንቅልፉንም ያውከዋል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳምባ ምች የመያዙ ዕድል ከሌለበት አሥራ ሦስት ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ስለዚህ ራሱን የሚያልበውና ሌሊት የማይረጋ የስምንት ወር ልጅ ሲመጣ አንጓዎቹንና የጎድን አጥንቱን መዳሰስ ተገቢ ነው።

በእርግጥም ከልቅሶው በስተጀርባ ሕመም ያለበት ጊዜ አለ። የጆሮ ሕመም፣ የታፈነ አፍንጫ፣ የብረት ማዕድን ማነስ፣ በቂ ያልሆነ ወተት የሚያነቁት ልጅ ይኖራል። እነዚህ በምርመራ የሚለዩ ናቸው። አስቸጋሪው ተቃራኒው ነው። የማይተኛው ልጅ ሰፈሩን ያውካል፤ የማይነቃው ግን ማንንም አያውክም። ለመጥባት የማይነሣ፣ ሲነኩት የሚዝል፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ወይም የተንቀጠቀጠ አራስ በአስቸኳይ መታየት ያለበት ሲሆን፣ ብዙ ቤት ውስጥ ግን «ጎሽ፣ ልጄ ጨዋ ነው» ተብሎ ይመሰገናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ «ይተኛል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ሲነሣ ይጠባል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ የሚያገኙት መልስ የተሻለ ነው። ምክሩም በባሌ በአፋን ኦሮሞ፣ እናቲቱ ብቻ ሳትሆን አያቲቱ ባሉበት ሊነገር ይገባዋል። ቅቤውንም ምላጩንም የሚያዙት አብዛኛውን ጊዜ እርሳቸው ናቸው። «እማማ፣ እርስዎ ስንት ልጅ አሳድገዋል፤ በስንተኛው ወር ነበር ልቅሶው የቀነሰው?» ተብለው በክብር ሲጠየቁ፣ ሦስተኛና አራተኛ ወር ብለው ራሳቸው ይመልሳሉ። ከዚያ ወዲያ ክርክር አያስፈልግም።

ስለ እናቲቱ ድካምም ጥቂት መባል አለበት። በባሌ በልግም መኸርም የሚታረስና የሚታጨድ በመሆኑ ሥራው ዓመቱን ሁሉ አያርፍም። ሌሊት ያልተኛች ሴት ቀን በስንዴና በገብስ ሥራ ትውላለች። ድካም ከልክ ሲያልፍ ወላጅ ልጁን ሊነቀንቀው ይችላል፤ መነቅነቅ ደግሞ የሕፃንን አንጎል ያደማል። አባት፣ ታላቅ እኅት ወይም ጎረቤት ለሁለት ሰዓት ልጁን አዝለው እናቲቱ እንድትተኛ ማድረግ ከየትኛውም ሽሮፕ ይበልጣል።

በመጨረሻ የሚነሣው በሐኪም ቤት ውስጥ ያለው የመለካት ችግር ነው። በከፍታ ላይ የተኛ ሕፃን የደሙ የኦክሲጅን ሙሌት ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት በቲቤት ላሳ፣ 3,658 ሜትር ላይ፣ ከቆላ የመጡ የሀን ቻይናውያን የወለዷቸው ሕፃናት በአራተኛው ወር በጸጥተኛ እንቅልፍ ጊዜ ሙሌታቸው በአማካይ 76 ከመቶ ሲወርድ፣ ቲቤታውያኑ ግን በ86 ከመቶ ቆይተዋል። ትውልድ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በባሌ ከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች በሰሜን ተራሮች ከሚኖሩ አማራዎች ይልቅ የሄሞግሎቢን መጠናቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ ያም በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ነው። ስለዚህ በላሳ የተገኘው ቁጥር እንዳለ ወደ ጎባ ሊመጣ አይችልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እስከ 2,500 ሜትር ለሚኖሩ ልጆች ሙሌቱ 90 ከመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ኦክሲጅን እንዲሰጥ፣ ከዚያ በላይ ለሚኖሩት ግን እንደ 87 ከመቶ ያለ ዝቅተኛ መነሻ ሊወሰድ እንደሚችል ይገልጻል። በዚህ መሠረት ሮቤ ከመስመሩ በታች፣ ጎባ ከመስመሩ በላይ ይውላሉ። 88 ከመቶ የተለካ ሕፃን ሮቤ ላይ ኦክሲጅን ሊሰጠው ሲገባ፣ 14 ኪሎ ሜትር ወደ ጎባ ተጉዞ ሲደርስ ላይሰጠው ይችላል። ከሪራ ሳነቴን አቋርጦ የመጣ ልጅማ ሌላ ጥያቄ ነው። በመሆኑም መለኪያውን በሕፃኑ ጣት ወይም እግር ላይ የሚያደርግ ባለሙያ ከቁጥሩ አጠገብ ሁለት ነገር ቢጽፍ፣ ይኸውም ልጁ የመጣበትን ቀበሌና በተለካበት ሰዓት ነቅቶ ወይም ተኝቶ እንደነበር፣ ቀጥሎ የሚያየው ሰው ምን እንደተለካ ያውቃል።